በመቅደላ ዘመቻ በተውሶ ስም የተሰለፈን አየርላንዳዊ ወታደር ማንነት እንዴት ማግኘት ይቻላል?

የአጅባሩ መምህር (ጥያቄ)

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

በተንታ ወረዳ አጅባር ከተማ የታሪክ መምህር ስሆን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ መቅደላ አምባ የሚመጡ እንግዶችን መንገድ እመራለሁ። ባለፈው ጥር ያጋጠመኝን ጉዳይ ብቻዬን ልፈታው ስላልቻልኩ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት አየርላንዳዊት እናት ከደሴ ተነሥተው እኛ ዘንድ ደረሱ፤ ዳገቱንም ከፊሉን በበቅሎ፣ ከፊሉን በእግራቸው ወጡት። እንደ ሌላው እንግዳ ሁሉ የሴባስቶፖልን መድፍ በእጃቸው ዳሰሱ፣ አፄ ቴዎድሮስ የተሠዉበትንም ስፍራ ጠይቀው ተረዱ። ስንመለስ ግን ኮኪት በር ላይ ድንጋይ ተደግፈው ተቀመጡና ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ የብር ሜዳሊያ አውጥተው ሰጡኝ። በአንድ ፊቱ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘውድ ደፍተው፣ ሻሽ ተከናንበው ይታያሉ፤ በዙሪያቸው ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ አለ፤ በጫፎቹም መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የሚጻፍባቸው ዘጠኝ ፊደላት አንድ በአንድ ተቀምጠዋል። ስገለብጠው በቅጠል አክሊል መካከል የአንድ ወታደር ስም ከነሬጅመንቱ ጎልቶ ወጥቷል። ፊደሎቹ በላዩ ላይ የተጫሩ ሳይሆኑ ከብሩ ጋር አብረው የተነሡ ስለሆኑ በጣት ሲዳሰሱ ይታወቃሉ።

«የቅድመ አያቴ ነው፤ ስሙ ግን የእሱ አይደለም» አሉኝ።

ሬጅመንቱ 33ኛው ነው፤ ይኸውም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ዕለት፣ በዚያው በተቀመጡበት በር በኩል አምባውን ሰብሮ የገባው ጦር ነው። በዚያ ዕለት ከሁሉ ቀድመው ቅጥሩን የተሻገሩት ከበሮ መቺው ማይክል ማግነርና ተራ ወታደሩ ጄምስ በርጊን ሁለቱም የአየርላንድ ተወላጆች እንደነበሩ፣ ለዚሁም ቪክቶሪያ ክሮስ እንደተሸለሙ አውቃለሁ። የእንግዳዬ ቅድመ አያት ግን ከሁለቱ አንዱ አይደለም፤ ስሙ በማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ ያልተነሣ፣ ተራ ወታደር ነበር። ቤተሰቡ ካቫን ከሚባለው የአየርላንድ ካውንቲ ሲሆን ስማቸው «ማክ» ብሎ ይጀምራል። ሙሉውን እንዳልጽፈው አደራ ብለውኛል። በሜዳሊያው ላይ ያለው ግን በእንግሊዝኛ የብረት ቀጥቃጭ ሙያ መጠሪያ የሆነ፣ በእንግሊዝ አገር እጅግ ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ነው።

ያሳደጓቸው አያታቸው፣ ማለትም የወታደሩ ልጅ፣ ሁለት ነገር ነግረዋቸዋል። አንደኛው አባታቸው መጀመሪያ ከሌላ ሬጅመንት ኮብልለው ስለነበር በሁለተኛው ቅጥር ስማቸውን እንደለወጡ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከብብታቸው በታች የኮብላይ ምልክት የሆነ ፊደል ስለነበረባቸው በልጆቻቸው ፊት ሸሚዛቸውን አውልቀው እንደማያውቁ ነው።

እኚህ እናት በእኔ አገር፣ በእኔ በር ላይ ተቀምጠው «ማን እንደነበረ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም» ሲሉ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሰውየው በሐሰት ስም ገብቶ፣ በሐሰት ስም ዘምቶ፣ በሐሰት ስም ከተሸለመ በየትኛው መዝገብ፣ በየትኛው ስም ይፈለጋል? ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውስ በምን ይረጋገጣል?


መዝገብ ፈላጊ፣ ከደሴ

ይድረስ ለመምህር፣

ጥያቄዎ ለወሎ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። መቅደላን የያዙት ንጉሠ ነገሥት ካሳ ኃይሉ ተብለው ተወልደው ቴዎድሮስ ተብለው የሞቱ ናቸው፤ የእኛው ንጉሥ ሚካኤልም እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ መሐመድ ዓሊ ነበሩ። በአንድ ቤት አያት አሕመድ፣ አባት ገብረ መድኅን፣ ልጅ ሰይድ በሚባሉበት አገር ስላደግን፣ የአንድን ሰው ትውልድ በስም ብቻ መከተል መንገድ እንደሚያስት ከማንም በላይ እናውቃለን። ልዩነቱ የእኛዎቹ ስማቸውን የለወጡት በአደባባይ፣ ካህን ወይም ሼህ ባለበት መሆኑ ነው፤ የእርስዎ ወታደር ግን በድብቅ ነው የለወጠው፤ ስለዚህ ያልደበቀውን መፈለግ አለብን።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የአየርላንድ ሰው ብዛት ከሩብ በላይ ነበር። ከ1845 ጀምሮ አገሪቱን የመታው ረኃብ ያፈናቀለው ጎረምሳ ቀይ ኮት ለብሶ እንጀራውን ማግኘቱ የተለመደ ነው። በ1847 በወጣው ሕግ እግረኛ ወታደር ለ10 ዓመት ይቀጠራል፤ ጡረታ ለማግኘት ግን 21 ዓመት መሙላት አለበት። ሲቀጠር ጉርሻ ይሰጠዋል፤ ጉርሻውን ተቀብሎ የሚጠፋው፣ ጠፍቶም በሌላ ከተማ በሌላ ስም ተቀጥሮ ዳግም ጉርሻ የሚቀበለው ብዙ ነበር። ይህ በሕግ ወንጀል ስለሆነ ሁለተኛው ስም የግድ የተውሶ ይሆናል። ሆኖም ስም የሚለወጠው በኩብለላ ብቻ ነው ብለው እንዳይደመድሙ አሳስባለሁ። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ወላጆቹ እንዳያስመልሱት፣ ለእጅ ሙያ የተሰጠ ተማሪ ጌታው እንዳይፈልገው፣ ሚስቱን ጥሎ የወጣ ቀለብ እንዳይቆረጥበት፣ በሐኪም ተመርምሮ የተመለሰም በሌላ ጣቢያ ዕድሉን ለመሞከር ሲል ስሙን ይለውጥ ነበር። የንግሥቲቱን ኮት የለበሰ ልጅ በአንዳንድ የአየርላንድ ቤት እንደ ውርደት ስለሚቆጠር፣ የቤተሰቡን ስም ላለማንሣት ብሎ የለወጠም አለ።

አሁን ወደ ፍለጋው ልግባ። በቅጥር ዕለት የሚዋሽ ሰው ሁሉን ነገር አይዋሽም። ሲጠሩት አቤት ማለት ስላለበት የመጀመሪያ ስሙን አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። የሚዋሰውም ስም ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ የእናቱ የቤተሰብ ስም ወይም የጎረቤት ስም ነው። የተወለደበትን አጥቢያ፣ ዕድሜውንና የእጅ ሥራውን እንዳለ ይናገራል፤ ቁመቱን፣ የዓይኑንና የጠጉሩን መልክ ደግሞ ራሱ ጸሐፊው ለክቶና አይቶ ይጽፍበታል። ስለዚህ የምንፈልገው ስም ሳይሆን የእነዚህን ነገሮች ጥምረት ነው።

ለንደን ውስጥ ኪው በተባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሦስት ዓይነት መዝገብ ይጠብቅዎታል። የመጀመሪያው የዘመቻ ሜዳሊያ ተቀባዮች ዝርዝር ሲሆን «ደብልዩ ኦ 100» በሚባለው ክፍል ይገኛል፤ ሜዳሊያውን ስለያዙት ይህ ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው በየሦስት ወሩ የሚዘጋጀው የሬጅመንቱ የስም ጥሪና የደመወዝ መዝገብ ነው፤ በዚህ ውስጥ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለበትን ሩብ ዓመት ካገኙ የተቀጠረበትን ጊዜ አገኙ ማለት ነው። ሦስተኛው «ደብልዩ ኦ 97» የተባለው የጡረተኞች መሰናበቻ ወረቀት ነው። ጡረታ እስኪደርስ ካገለገለ የትውልድ አጥቢያው፣ ሙያው፣ መልኩና የአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ እዚያ ተጽፏል።

ድልድዩ የሚሠራው እንዲህ ነው። በዘመኑ የፖሊስ ጋዜጣ ከየጦሩ የኮበለሉትን ሰዎች ስም ከነዕድሜያቸው፣ ቁመታቸው፣ የጠጉራቸውና የዓይናቸው መልክ፣ ሙያቸው፣ የትውልድ ቦታቸው፣ የጠፉበት ቀንና ስፍራ ያትም ነበር። በ33ኛው የተቀጠረበትን ቀን ይዛችሁ ከዚያ በፊት ያሉትን ጥቂት ወራት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ብታነቡ፣ የመጀመሪያ ስሙ፣ አጥቢያው፣ ሙያውና ቁመቱ የሚገጥም አንድ የካቫን ሰው በእውነተኛ ስሙ ተዘርዝሮ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህ አድካሚ ንባብ ነው፤ ግን ሰው ራሱ ያጠፋውን ፈለግ ጠላቱ ጽፎ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ በሜዳሊያው ላይ ከስሙ በፊት ቁጥር ተቀርጿል? እስከ 1920 ድረስ እያንዳንዱ ሬጅመንት ለወታደሮቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ስሙ እንደዚህ የበዛ ሰው ያለ ቁጥር አይለይም።

ስለ አሟሟቱም ቦታ አስቀድማችሁ አትወስኑ። እርስዎ ከጠቀሷቸው ከሁለቱ ጀግኖች በርጊን በ1880 ሕንድ አገር ፑና፣ ማግነር በ1897 አውስትራሊያ ሜልበርን ነው የሞቱት፤ ሁለቱም ወደ አየርላንድ አልተመለሱም።


የቦረና ልጅ፣ ከደብሊን

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት በወሎ ቦረና ሲሆን አሁን የምኖረው በደብሊን ነው። ከደሴ የጻፉት ወንድሜ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የአየርላንዱን ወገን ልጨምር።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ። የአየርላንድ «ማክ» የእኛ «ወልደ» ማለት ነው፤ «ኦ» ደግሞ የልጅ ልጅን፣ ዘርን ያመለክታል። መምህር የእንግዳዎን ስም አልጠቀሱም፤ እኔም አደራውን አክብሬ አልጠይቅም። ነገር ግን በአየርላንድ ቋንቋ «ጋዋ» ብረት ቀጥቃጭ ማለት መሆኑን፣ «ማክ ጋዋን» የሚለው ስምም በቀጥታ ሲፈታ «የቀጥቃጭ ልጅ» እንደሚሆን ላስታውስዎ። በካቫን ካውንቲ ይህ ስም ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት «ስሚዝ» ተብለዋል። ሌላው ካውንቲ ቢሆን ይህን ያህል አልደፍርም ነበር፤ ካቫን ስላሉ ግን አሰብኩበት። ግምቴ ከገጠመ ሰውየው ባዕድ ስም አልተዋሰም፤ የገዛ አባቶቹን ስም በሌላ ቋንቋ ነው ያስመዘገበው። ወልደ ገብርኤል የተባለ ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ በዚያ አገር አፍ «የገብርኤል ልጅ» ተብሎ ቢጻፍ ማለት ነው።

ይሁንና ይህ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። የሜዳሊያው ስም በየሬጅመንቱ ደርዘን ሰው ሊኖረው የሚችል ስም ነው።

መዝገብን በተመለከተ፣ አየርላንድ መዝገቧ የተቃጠለባት አገር ናት። ጁን 30 ቀን 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ በደብሊን የሕዝብ መዛግብት ቤት ሲጋይ የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር አመድ ሆኑ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉት ደግሞ ከዚያ በፊት በመንግሥት ትእዛዝ ተወግደው ነበር። ሰውየው በ1840ዎቹ ከተወለደ የልደት ምዝገባም አይኖረውም፤ የሁሉም ሰው ልደት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነውና። የቀረው የካቶሊክ አጥቢያዎች የክርስትና መዝገብ ነው፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በ2015 ሁሉንም በነፃ እንዲታይ በኢንተርኔት አውጥቶታል። ነገር ግን አጥቢያውን ካላወቃችሁ በካቫን አጥቢያ ሁሉ ስትዞሩ ዓመት ያልፋል። አጥቢያውን የሚነግራችሁ ከደሴ የተጠቀሰው የመሰናበቻ ወረቀት ነው።

ከሌላኛው ጫፍም ጀምሩ። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ሙሉ በሙሉ ተርፈዋል፤ የሚታዩትም በነፃ ነው። አያታቸው በካቫን ከተወለዱ፣ እሳቸውን በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው በእውነተኛው የቤተሰብ ስም ፈልጓቸው፤ የቤቱ አባወራ በሥራ ዓምዱ ላይ «የጦር ጡረተኛ» ተብሎ ከተጻፈ፣ በተውሶ ስም ያገለገለው ሰው በእውነተኛ ስሙ እየኖረ የጡረታ ገንዘቡን ይቀበል ነበር ማለት ነው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል አንድ ሰው በ10 ዓመት ውስጥ 15 ዓመት ቢያረጅ አትደነቁ። ከ1909 መጀመሪያ ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላው ድኻ በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ የእርጅና ጡረታ ይሰጥ ስለነበር፣ ሰው ዕድሜውን ማስታወስ የጀመረው ያኔ ነው።

ከዚሁ ጡረታ ጋር የተያያዘና ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሀብት አለ። ዕድሜውን የሚያስረዳ ወረቀት ያልነበረው አመልካች፣ በ1841 ወይም በ1851 ቆጠራ በወላጆቹ ቤት ተቆጥሮ እንደሆነ እንዲታይለት የወላጆቹን ስም፣ መንደሩንና አጥቢያውን ጽፎ ያመለክት ነበር። ቆጠራዎቹ ተቃጠሉ፤ የማመልከቻ ቅጾቹ ግን ተርፈው በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። በጦር ውስጥ የዋሸ ሰው እንኳ እዚህ ላይ እውነተኛ ስሙን መስጠት ነበረበት፤ በሐሰት ስም የተቆጠረ ልጅ የለምና።


ጡረተኛው መቶ አለቃ፣ ከኮምቦልቻ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ። በሙያዬ ወታደር ስለሆንኩ በአንድ ነገር ላይ ብቻ አስተያየት ልስጥ።

እኔ በተቀጠርኩበት ዘመን በአንድ ጣቢያ በደረት ልክ የወደቀ ልጅ በሳምንቱ በሌላ ጣቢያ በአጎቱ ስም ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዓመታት አብረን ስንኖር በሠልፍ ላይ ስሙ ሲጠራ ሁልጊዜ ከሌሎቻችን አንድ ትንፋሽ ያህል ዘግይቶ «አቤት!» ይል ነበር፤ ምክንያቱን የነገረኝ ከተሰናበትን በኋላ ነው። ስለዚህ የስሙ ነገር አይደንቀኝም፤ ያልተዋጠልኝ የፊደሉ ነገር ነው።

በእንግሊዝ ጦር ኮብላይን «ዲ» በሚለው ፊደል ከብብቱ በታች መንቀስ እስከ 1871 ድረስ በሕግ ይሠራ ነበር። ምልክቱ የተደረገው ግን ጠፍቶ የተያዘው ሰው ዳግም እንዳይቀጠር ሲባል ነው፤ ምልምል ሲገባ ልብሱን አውልቆ በሐኪም ይመረመራልና። ቅድመ አያትዮው ከመጀመሪያው ሬጅመንት ኮብልለው፣ ተይዘው፣ ተነቅሰው ቢሆን ኖሮ 33ኛው አይቀበላቸውም ነበር። እንግዲያው ወይ አልተያዙም፣ ፊደልም የለም፤ ወይ ደግሞ የተነቀሱት ከመቅደላ በፊት ወይም በኋላ በዚያው በ33ኛው ውስጥ ሳሉ ነው። ሁለተኛው ከሆነ የፍርዱ ነገር በመሰናበቻ ወረቀታቸው ላይ የተቀነሰ የአገልግሎት ዘመን ሆኖ መታየቱ አይቀርም። በእኔ ግምት አያትየዋ ያዩት ወይም የሰሙት የቁስል ጠባሳ ወይም ወታደር ለራሱ የሚያደርገው ንቅሳት ነበር፤ የቤተሰብ ወሬ ውሎ አድሮ ፊደል አደረገው። ይህን ስል ሴትዮዋን ማስቀየም አልፈልግም። ኩብለላው ግን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ለዩአቸው ነው የምለው።

ሌላው ነገር፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሡ በ50ኛው ዓመት፣ በ1887፣ ራሳቸውን ለገለጡ ኮብላዮች ምሕረት ተሰጥቶ ነበር። ሰውየው ከ33ኛው ተሰናብተው ከነበረና የቀድሞ ጥፋታቸው ያስጨንቃቸው ከነበረ፣ እውነተኛ ስማቸውን በአደባባይ መልሰው የያዙበትን ጊዜ እዚያ አካባቢ ብትፈልጉ አይከፋም።


የሐይቁ አዛውንት

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሙያችሁ ያስደስታል፤ ነገር ግን አንድ የሚከነክነኝን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድም። በዓርብ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ ወደ 700 የሚጠጋ የእኛ ሰው ሲረግፍ ከእነሱ የሞተው ሁለት ነው። ስለ ፊታውራሪ ገብርዬ እንሰማለን፤ የቀሩት እነማን ነበሩ? የወረረንና መቅደላን ዘርፎ ያቃጠለ ጦር አንድ ተራ ወታደር፣ ስሙን ራሱ የደበቀ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በቁመቱና በዓይኑ መልክ ሲፈለግ፣ የእኛዎቹን በስማቸው እንኳ የሚጠራ የለም። ይህንን ጊዜ ለእነሱ ብታውሉት አይሻልም ወይ?


የአጅባሩ መምህር

አባቴ፣ የተናገሩት እኔንም በዚያው ዕለት የወጋኝ ነገር ነው። እንግዳዬ ሜዳሊያውን መልሰው ከጠቀለሉ በኋላ «በዚህ በር ከውስጥ በኩል የቆሙት እነማን ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም የታሪክ መምህር ሆኜ ከሦስት ስም በላይ መጥራት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ በቤታቸው ያሉ አረጋውያንን እየጠየቁ በአሮጌና በመቅደላ የወደቀ ዘመድ ስም ካለ ከነአገሩና ከነአባቱ ስም እየጻፉ እንዲያመጡ አድርጌአለሁ። እስካሁን የደረሰኝ ጥቂት ነው፤ ከአሮጌ አካባቢ የመጡ ልጆች ግን በየሳምንቱ ይጨምራሉ። የእሳቸው ጥያቄ ባይኖር ይህን አልጀምረውም ነበርና አንዱ ሌላውን አይከለክልም እላለሁ። እርስዎም በሐይቅ በኩል የሚያውቁት ስም ካለ ቢልኩልኝ በክብር እቀበላለሁ።


የአጅባሩ መምህር (ከሁለት ወር በኋላ)

የሰጣችሁኝን ምክር ሁሉ ለእንግዳዬ በደብዳቤ ልኬላቸው ነበር፤ የደረስንበትን ላሳውቃችሁ ይገባኛል።

ከደብሊን የተሰጠው ግምት ልክ ነው። የቤተሰቡ ስም የተባለው ስም ነው፤ እሳቸውም በአየርላንድ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱን አጠጋግተው አስበው አያውቁም። ይህን ባነበቡ ጊዜ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ጽፈውልኛል።

በ1911 ቆጠራ አያታቸው የ24 ዓመት ወጣት ሆነው፣ በእውነተኛው የቤተሰብ ስም፣ በካቫን አንድ የገጠር መንደር ከአባታቸው ጋር ተቆጥረው ተገኝተዋል፤ የአባትዮው ሥራም «የጦር ጡረተኛ» ይላል። የአባትዮው ዕድሜ ከ1901ዱ ቆጠራ በ13 ዓመት ጨምሮ ተመዝግቧል፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ባትነግሩን ኖሮ ሌላ ሰው ነው ብለን እንተወው ነበር።

በሜዳሊያው ላይ ከስሙ በፊት ባለአራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ እኔ በዚያ ቀን ስሙን ብቻ አይቼ ቁጥሩን ሳላስተውለው ነው ያለፍኩት። ኪው ያለ አንድ መዝገብ አንባቢ የ33ኛውን የስም ጥሪ ሲመለከት በዘመቻው ወቅት የዚሁ ስም፣ የመጀመሪያ ስማቸውም አንድ የሆነ ሁለት ወታደሮች ነበሩ፤ ስሙን ብቻ ይዘን ብንሄድ የየትኛውን ታሪክ እንደምንጽፍ አናውቅም ነበር። በቁጥሩ የተለየው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው በ1862 መጨረሻ ነው። በመቅደላ ወር ከደመወዙ ለሆስፒታል የተቆረጠ ነገር ስለሌለበት በዚያ ሰኞ ጤነኛ ሆኖ ከሬጅመንቱ ጋር የነበረ ይመስላል።

የመሰናበቻ ወረቀቱ ቅጂ ታዝዞ ገና አልደረሰም፤ አጥቢያው፣ ቁመቱና የመቶ አለቃው ጥያቄ የሚፈታው በእሱ ነው። እሱ ሲመጣ የ1862ን የበጋና የመፀው የፖሊስ ጋዜጣ በተራ ለማንበብ ወስነዋል። የእርጅና ጡረታ ማመልከቻውንም ፈልገዋል፤ በመንደሩ ስም ሁለት ቅጽ ተገኝቷል፣ የወላጆቹ ስም ግን ከቅድመ አያታቸው ጋር ሊነጻጸር የሚችለው የክርስትናው መዝገብ ሲገኝ ነው።

አንድ ነገር ለምነውኛል። የማግነርና የበርጊን ሽልማት መግለጫ እንደሚለው የ33ኛው ጥቂት ሰዎች በሩ ሲዘጋባቸው ከዋናው መንገድ ወጥተው በገደሉ ላይ ተንጠላጥለው ነው ቅጥሩንና የእሾኽ አጥሩን ያለፉት። እሳቸው በመጡ ጊዜ ጉልበታቸው ስላልፈቀደ ያንን ገደል ከታች አላዩትም። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ከሁለት ተማሪዎቼ ጋር በሰላምጌ በኩል ዞሬ፣ ከገደሉ ግርጌ ሆኜ ወደ ላይ ፎቶግራፉን አነሣላቸዋለሁ።